የነጭ የደም ሕዋሳት ጡሩምባና የመርፌው መንቀጥቀጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዚህ ማታ ቆሜ እንድናገር ሲጠይቀኝ አርእስቱን ለራሴ ምርጫ ስለተወልኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ምርጫው ራሱ ችግር ሆነብኝ። ከዚህ ከተቀመጣችሁት የሚበዛው የሕግ፣ የንግድ ሥራና የቋንቋ ተማሪ ነው። እኛ ሕክምና የምንማረው ጥቂቶች ደግሞ አፋችንን በከፈትን ቁጥር የምናወጣው ቃል ሰውን እንደሚያስተኛ እናውቀዋለን። ስለዚህ ከመጽሐፍ መጀመሩን ትቼ፣ ልጅ ሳለሁ በዐይኔ ካየሁት ነገር ለመነሣት ወሰንኩ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከቤታችን ጀርባ፣ በክረምት ወራት ከገጠር ለቀን ሥራ የሚመጡ ሰዎች በጋራ ተከራይተው የሚያድሩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሆነው ይተኛሉ። ብርድ ስለሆነ ልብሳቸውን አያወልቁም፤ ውሃም ከሩቅ ስለሚቀዳ ልብስ ማጠብ ብርቅ ነው። ከነሱ አንዱ፣ ድንጋይ የሚሸከም ወጣት፣ ትኩሳት ያዘውና አምስት ቀን ያህል ተኛ። ከዚያ ትኩሳቱ በድንገት ለቀቀው፤ ዳነ ተብሎም ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ግን አገረሸበት። ወንድሙና የአገሩ ልጆች ተሸክመው ወደ ሕክምና ወሰዱት፤ እኔም ከእናቴ ጋር ምግብ ለማድረስ ሄጄ ስለነበር የሆነውን አይቻለሁ። ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ በሽታው ታወቀ፤ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋ። ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ሰውዬው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የብረት አልጋው ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ድሬሰሩ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄዷል፤ ይህ ነገር እንደሚመጣ ለቤተ ዘመዱ አስቀድሞ የነገረ ሰው አልነበረም። «መርፌው ነው! በትኩሳት ላይ መርፌ ይገድላል አላልኩም?» አለ አንደኛው። ጥቂት ተማከሩ። መንቀጥቀጡ አልፎ ሰውነቱ በላብ ሲጠመቅ ጊዜ፣ በጋቢው ጠቅልለው፣ በሁለት ብብቱ ደግፈው አስነሡትና ወደ ቤት ሊወስዱት እያራመዱ ወጡ። ከግቢው በር ሳይደርሱ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

በሰፈራችን ለብዙ ዓመት «መርፌ የገደለው ልጅ» ሲባል ኖረ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ መርፌ ከሚወጋ ይልቅ ቤቱ ተሸፋፍኖ መተኛትን መረጠ፤ ከነዚህም መካከል የሞቱ አሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሰፈሩ ሰው ተሳስቶ ነበርን? በኔ አስተያየት በግማሽ አልተሳሳተም። መንቀጥቀጡን ያመጣው በእርግጥ መርፌው ነው። ነገር ግን ከመርፌው እስከ መንቀጥቀጡ ያለው መንገድ የሚያልፈው በራሱ በሰውዬው ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ፣ እንዲያውም በጂኖቻቸው ላይ ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው ስለዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

በሽታው በቅማል የሚተላለፈው፣ እየተወ የሚያገረሸው ትኩሳት ነው። የሚያመጣው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ፣ እንደ ቀጭን ሽቦ የተጠማዘዘ ተሐዋሲ ነው። ቅማሉ በቆዳ ላይ ሲጨፈለቅና ሰውዬው ሲያክ ተሐዋሲው በተፋቀው ቆዳ በኩል ይገባል። በትኩሳቱ ጊዜ በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ ብዙ ሺህ ሆኖ ይገኛል። ሰውነት ተዋግቶ ሲያጠፋው፣ ከመካከሉ የውጭ ልብሱን የለወጡ ጥቂቶች ተደብቀው ይቀራሉ፤ እነዚያ ተራብተው ነው በሽታው የሚያገረሸው። ሕክምና ካላገኙት በሽተኞች ከመቶ ከ10 እስከ 40፣ ካገኙት ግን ከ2 እስከ 5 ያህል ይሞታሉ። ስለዚህ መርፌው መቅረት አለበት ለማለት እንዳልመጣሁ ከዚሁ ይታወቅልኝ።

መድኃኒት በሽታን አድኖ ሳለ ለጥቂት ሰዓት የሚያባብስ መሆኑን መጀመሪያ የተመለከቱት ስለዚህ ትኩሳት የሚመረምሩ ሰዎች አልነበሩም። በ1895 የኦስትሪያው ያሪሽ፣ በ1902 ደግሞ የፍራንክፈርቱ ካርል ሄርክስሃይመር፣ ቂጥኝ የያዛቸውን ሰዎች በሜርኩሪ ሲያክሙ ሽፍታው መጀመሪያ እንደሚብስ አዩ። ነገሩም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ሄርክስሃይመር አይሁዳዊ ስለነበረ በሽምግልናው ናዚዎች ወደ ቴሬዚየንሽታት እስር ቤት ወስደውት በ1942 እዚያው ሞተ። በሐኪም ቤት ስሙን በየቀኑ እየጠራን ይህን የምናውቅ ጥቂት ነን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች፣ ከነዚህም ኤልድሪድ ፓሪ፣ ብራይሰን፣ ፔሪንና ዋረል፣ 62 በሽተኞችን ከአልጋቸው ሳይርቁ ተከታትለው በ1970 ጽሑፋቸውን አወጡ። የጻፉት ልጅ ሆኜ ካየሁት ጋር ቃል በቃል ለማለት ይቻላል አንድ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ብርድ ብርድ ይላል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ልብና ትንፋሽ ይፈጥናሉ። ቀጥሎ ቆዳ ይሞቃል፣ ላብ ይወርዳል፣ የደም ግፊት ይወድቃል። በዚሁ ጊዜ ተሐዋሲው ከደም ውስጥ ይጠፋል። ሐኪሞቹ ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የልቡን ሥራ ለክተዋል። በደሙ ውስጥ የሚመላለሰውን መልእክት ለመለካት ግን ያን ጊዜ መሣሪያው አልነበረም።

አሁን ወደ ሕዋሱ እንግባ። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚሆኑ ነጭ ሕዋሳት አሉ። ለዛሬው ነገራችን ዋነኛው ሞኖሳይት የሚባለው ነው፤ ሥራው ባዕድ ነገር መዋጥና ለሌሎች ማስታወቅ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በአስኳሉ ውስጥ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲ.ኤን.ኤ. ጠቅልሎ ይዟል፤ በዚያም ላይ ፕሮቲን የሚያሠሩ 20,000 የሚያህሉ ጂኖች ተጽፈዋል። የጉበቱም፣ የአንጎሉም፣ የነጭ ደሙም ሕዋስ መዝገቡ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ እንደተገለጠና የትኛው እንደታሸገ ነው።

ጂን ሥራ ላይ የሚውልበትን መንገድ ለመግለጥ ይህ የምታነቡት ጋዜጣ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የማኅበራችን መዝገብ ከቁም ሣጥን አይወጣም። ከመዝገቡ የሚፈለገው ገጽ በስቴንስል ላይ ይመታል፤ ስቴንስሉ ማባዣው ላይ ይወጣና ብዙ መቶ ቅጂ ይታተማል። ዲ.ኤን.ኤ. መዝገቡ ነው፤ አር.ኤን.ኤ. ስቴንስሉ ነው፤ ፕሮቲን በእጃችሁ የገባው ወረቀት ነው። ማባዣ ክፍል የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምን ያህል ወረቀት እንደሚወጣ የሚወስነው ስንት ስቴንስል መመታቱ ብቻ አይደለም፤ ስቴንስሉ ሳይቀደድ ምን ያህል መቆየቱም ነው። ይህን ኋላ እፈልገዋለሁና ያዙልኝ።

ፔኒሲሊኑ ደም ውስጥ ገብቶ ተሐዋሲውን ሲጎዳው ነጭ ሕዋሳቱ ከልብሱ ጋር በብዛት ይገናኛሉ። ልብሱ ስብ የተለጠፈበት ፕሮቲን ነው። በ1998 የወጣ አንድ ጥናት፣ የአገራችን ሐኪሞችም የተካፈሉበት፣ ሞኖሳይቶችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣው ይኸው ልብስ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ተሐዋሲው እየለወጠ የሚደበቅበት ልብስ ራሱ ነው የሚያጋልጠው።

በሞኖሳይቱ ቆዳ ላይ ይህን የመሰለውን ስብ የሚያውቁ ተቀባዮች ተተክለዋል። ተቀባዩ ሲነካ በውስጥ በኩል ተራ በተራ የሚቀሰቀሱ ኤንዛይሞች አሉ፤ ስማቸውን ብዘረዝር ይመሽብናል። የመጨረሻውን ብቻ ልንገራችሁ። በሕዋሱ ውስጥ፣ ከአስኳሉ ውጭ፣ ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ታስሮ ይኖራል። ይህን ፕሮቲን በ1986 ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር አሜሪካ ውስጥ አገኙት። ሥራው ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተቀምጦ «ይህ ገጽ ይመታ» ማለት ነው። ጠባቂው አይ ካፓ ቢ ይባላል። ትእዛዝ ሲደርስ ኤንዛይሞች በጠባቂው ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ይህ ማኅተም የሞት ማኅተም ነው፤ ጠባቂው ወዲያውኑ ይፈርሳል። እስረኛው ተፈቶ ወደ አስኳሉ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ አስቀድሞ የተሠራ ነው፤ እንደ አዲስ መሠራት አያስፈልገውም፤ መፈታት ብቻ ነው የቀረው። ፍጥነቱ በደቂቃ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

ከሚያስገልጣቸው ገጾች የመጀመሪያው የቲ.ኤን.ኤፍ. ጂን ነው። በሞኖሳይት ውስጥ ይህ ገጽ ከሞላ ጎደል ተገልጦ፣ መቺውም ተቀምጦ ይጠብቃል። የኢንተርሊውኪን 6 ጂን ግን በጥብቅ ተጠቅልሎ ስለሚኖር መጀመሪያ መፈታት አለበት፤ በዚህ የተነሣ ይዘገያል። ለጤነኛ ፈቃደኞች ጥቂት የባክቴሪያ መርዝ ተሰጥቶ ሲለካ ቲ.ኤን.ኤፍ. በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን የሚደርሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ አልጋ አጠገብ የቆሙት ዘመዶች የጠበቋት ሰዓት ይህች ነች፤ ስቴንስሉ እየተመታ፣ ወረቀቱ እየተባዛ፣ እየተበተነ ነበር።

ቲ.ኤን.ኤፍ. ከሕዋስ ወጥቶ ሌላውን ሕዋስ ከሚያዝዙት ከሳይቶካይኖች አንዱ ነው። ሳይቶካይን የዕድር ጡሩምባ ማለት ነው። ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ሲያልፍ የሚያሰማው ቃል ለሁሉ አንድ ነው፤ የሰሚው ተግባር ግን ለየቅል ነው። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። በር ዘግቶ የሚተኛም አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ተቀባይ የሌለው ሕዋስ ነው። ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሰማ ሞኖሳይት ያንኑ ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ ፈትቶ ተጨማሪ ቲ.ኤን.ኤፍ. ያወጣል፤ ኢንተርሊውኪን 6ና 8ን ይጨምራል። የደም ሥር ግድግዳ ደግሞ ሲሰማ ይላላል፤ በአንጎል ውስጥ ሙቀት የሚቆጣጠረውም ክፍል ልኩን ከፍ ያደርጋል። ሰውነት ወደ አዲሱ ልክ ለመድረስ ጡንቻውን ያንቀጠቅጣል። አልጋው የተንገጫገጨው በዚህ ነው።

በ1992 ከአዲስ አበባ በሽተኞች የተወሰደ ደም ተመርምሮ ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ኢንተርሊውኪን 6ና ኢንተርሊውኪን 8 ከመንቀጥቀጡ ጋር አብረው እንደሚወጡ ታተመ። ከዋረልና ከጓደኞቹ ጽሑፍ በኋላ ሃያ ዓመት አልፎ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ መንገድ ደግሞ አለ፤ እርሱን ሳልናገር ብወርድ መምህሮቼ አይለቁኝም። ኢንተርሊውኪን 6ና ኢንተርፌሮን የሚናገሩት በዚህ መንገድ ነው። ኢንተርፌሮንን በ1957 ለንደን ውስጥ ሚል ሂል በተባለው ስፍራ አይዛክስና ሊንደንማን አገኙት፤ በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከዶሮ ዕንቁላል ሽፋን ጋር ሲያቆዩት፣ ሽፋኑ ሌላውን ሽፋን ከቫይረስ የሚጠብቅ ነገር ያወጣል። ይህ ነገር ጂንን እንዴት እንደሚያዝዝ ለማወቅ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ወሰደ። በኒው ዮርክ ጄምስ ዳርኔል አስኳሉ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚቀመጡትን ፕሮቲኖች እያጠራ ወደ ውጭ ተጓዘ። ለንደን ውስጥ ጆርጅ ስታርክ፣ ኢያን ከርና ሳንድራ ፔሌግሪኒ ደግሞ ኢንተርፌሮን ቢሰጣቸው የማይሰሙ ሕዋሳትን አዘጋጁና ምን እንደጎደላቸው ፈለጉ። በ1992 ሁለቱ ወገኖች መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። ዳርኔል ያገኛቸው ስታት ተባሉ። ደንቆሮዎቹ ሕዋሳት የጎደላቸው ደግሞ ጃክ ከሚባለው ወገን የሆነ ኤንዛይም ነበር።

ጃክ የተባለው በአውስትራሊያ ሜልበርን አንድሩ ዊልክስ ሲያገኘው እንዲህ ያለ ኤንዛይም ከመብዛቱ የተነሣ «ይኸ ደግሞ ሌላ አንዱ ነው» ለማለት በቀልድ ነው። ኋላ ግን ሁለት የሚመሳሰል ክፍል ስላለው ባለ ሁለት ፊቱን የሮማውያን አምላክ ያኑስን ያስታውሳል ተብሎ ስሙ ከበረ። አሠራሩ የመሥሪያ ቤት ሰው ለሆነ ሁሉ ግልጽ ነው። ሳይቶካይን ሁለት ተቀባዮችን ያቀራርባል። ከሥራቸው የተቀመጡት ጃኮች እርስ በርሳቸው ማኅተም ይመታታሉ፤ ከዚያ የተቀባዩን ጅራት ያትማሉ። በአጠገቡ የሚያልፍ ስታት ማኅተሙን አይቶ ይጠጋል፣ እሱም ይታተማል። የታተሙ ሁለት ስታቶች ተቃቅፈው ወደ አስኳሉ ይገባሉና ለነሱ የተጻፈውን ቃል ፈልገው በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ይቀመጣሉ። ከበር እስከ መዝገብ ቤት መካከል ያለው ባለሥልጣን አንድ ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ መሥሪያ ቤት ለሰውም ቢገኝ እንዴት ጥሩ ነበር!

ይሁን እንጂ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። በሰው ዘንድ ያሉት ጃኮች 4፣ ስታቶች 7 ብቻ ናቸው፤ በዚህ መንገድ የሚናገሩት ሳይቶካይኖች ግን ከ50 ይበልጣሉ። በተለይ ኢንተርሊውኪን 6 ሁከትን ያግዛል፣ ኢንተርሊውኪን 10 ሁከትን ያበርዳል፤ ሁለቱም የሚልኩት ስታት 3ን ነው። አንዱ ሎሌ ለሁለት ባላጋራ ጌቶች እንዴት ያድራል?

መልሱ የተገኘው ከማቆሚያው በኩል ነው። በ1997 ሶክስ የሚባሉ ፕሮቲኖች በሜልበርንና በጃፓን ታወቁ። ስታት ከሚያስገልጣቸው ገጾች መካከል የሶክስ ጂን ይገኛል፤ የተሠራው ሶክስ ተመልሶ ጃክን ያፍናል። ትእዛዙ የራሱን ማብቂያ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ሶክስ 3 የኢንተርሊውኪን 6ን ተቀባይ ይይዛል፤ የኢንተርሊውኪን 10ን ግን አይይዝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስታት 3 ቶሎ ይጠፋል፤ የሁለተኛው ይቆያል። በ2003 ሶክስ 3 የሌላቸው የአይጥ ሕዋሳት ተሠርተው ኢንተርሊውኪን 6 ሲሰጣቸው እንደ ኢንተርሊውኪን 10 ሁከቱን አበረዱ። ያው ደወል ነው፤ አደዋወሉ ግን ለቅዳሴና ለእሳት አደጋ አንድ አይደለም። እኔ በበኩሌ ከዚህ ትምህርት ሁሉ ይህን የሚያህል ያስደነቀኝ የለም። የቃሉ ትርጉም ያለው በቆይታው ውስጥ ነው።

ሕዋስ የሰማውን ደግሞ ያስታውሳል። በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሰው ደም የተወሰዱ ሞኖሳይቶች አስቀድመው ኢንተርፌሮን ጋማ እንዲሰሙ ተደረገ። ስታት 1 በቲ.ኤን.ኤፍ.ና በኢንተርሊውኪን 6 ጂኖች አጠገብ ተቀምጦ የዲ.ኤን.ኤ.ውን ጥቅል አላልቶ ቆየ። የባክቴሪያ ምልክት ኋላ ሲመጣ የወጣው ሳይቶካይን ያልተዘጋጀ ሕዋስ ከሚያወጣው እጅግ በለጠ። በተቃራኒው ደግሞ ምልክቱን ደጋግሞ የሰማ ሕዋስ የሁከት ገጾቹን ያሽጋል፤ ተሐዋሲን የሚገድሉትን ገጾች ግን እንደተገለጡ ይተዋቸዋል። በ2007 በአይጥ ሕዋሳት ላይ የታየው ይህ ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ስቴንስል ልመለስ። የቲ.ኤን.ኤፍ. አር.ኤን.ኤ. በጅራቱ ላይ «ይቀደድ» የሚል ምልክት ተጽፎበታል። ትሪስቴትራፕሮሊን የሚባል ፕሮቲን ምልክቱን ይዞ ያስቀድደዋል። ይህ ፕሮቲን የጎደላቸው አይጦች በ1996 ሲታዩ ከስተው፣ መገጣጠሚያቸው አብጦ፣ በቲ.ኤን.ኤፍ. ብዛት ይታመሙ ነበር። አይ ካፓ ቢም ራሱ ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ በሚያስገልጠው ጂን እንደገና ይሠራል፤ እስረኛው አሳሪውን ይወልዳል። ጤነኛ ሰው በትንሽ ቁስል የማይሞተው በነዚህ ማቆሚያዎች ነው። ነገር ግን ማቆሚያዎቹ ራሳቸው ተመትተው፣ ተባዝተው መውጣት አለባቸው፤ ጊዜ ይፈልጋሉ። በዚህ ትኩሳት ብዛት ያለው ተሐዋሲ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲሞት ሁሉም ሞኖሳይት ባንድነት ይጮሃል፤ ማቆሚያው የሚደርሰው ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሰዓት ለማለዘብ ያልሞከሩት የለም። እንደ ሃይድሮኮርቲዞን ያሉ መድኃኒቶች መንቀጥቀጡን አላስቀሩትም። ኢንተርሊውኪን 10 ራሱ ተሠርቶ ለበሽተኞች ተሰጥቶ ነበር፤ በ2000 የታተመው ውጤት ምንም ለውጥ እንዳላመጣ ይናገራል። የተሳካው ሌላ ነው። በ1996 የወጣውን፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራውን ጥናት እያንዳንዳችን ልናውቀው ይገባል እላለሁ። 49 በሽተኞች ነበሩ። ለ20ዎቹ ከበግ የተገኘ፣ ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚይዝ ፀረ አካል ከፔኒሲሊኑ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ለ29ኙ እሱን የመሰለ ሌላ ፈሳሽ ብቻ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ተንቀጠቀጡ። ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን 10 ብቻ። በነሱም ዘንድ ኢንተርሊውኪን 6ና 8 ዝቅ ብለው ተገኙ። ቲ.ኤን.ኤፍ. ሌሎቹን ጂኖች የሚያስነሣ የመጀመሪያው ጡሩምባ መሆኑ በሰው ላይ ታየ።

ለምን እርሱ ተሳካ፣ ሌሎቹ ግን አልተሳኩም? እንደሚመስለኝ ሌሎቹ የሚሠሩት መዝገብ ቤቱ ውስጥ ገብተው ነው፤ ትእዛዙ ከፈጠናቸው ይቀደማሉ። ፀረ አካሉ ግን ስቴንስሉ ቢመታም ባይመታም ግድ የለውም፤ ከበር ውጭ ቆሞ የወጣውን ወረቀት ይሰበስባል። ቢሆንም 10ሩ መንቀጥቀጣቸውን አንርሳ፤ ጡሩምባው አንድ ብቻ አይደለም።

በዚህ ዕውቀት ሌላው ዓለም ብዙ ተጠቅሟል። ጃክን የሚያግዱ ክኒኖች ከ2011 ጀምሮ ለደም በሽታ፣ ከ2012 ጀምሮ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይሰጣሉ። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ በጽኑ ከታመሙ 987 ሰዎች መካከል 101ዱ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያፍን ፀረ አካል በደማቸው ተገኘ፤ ጡሩምባው ተነፍቶ ድምፁ ታፍኗል። የኛን ትኩሳት በተመለከተ ግን የበጉ ፀረ አካል የየዕለት ሕክምና ሊሆን አልቻለም። የቀን ሠራተኛ በሽታ ነውና የሚገዛለት የለም። በሽታው በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ በጀርመን፣ በኢጣሊያና በኔዘርላንድ ሐኪም ቤቶች ሲታይ ብዙ ተጻፈለት።

የቀረን አሮጌው ሕክምና ነው፤ ለእርሱም አሁን ምክንያቱን እናውቃለን። ብርዱ አልፎ ላብ ሲመጣ በሽታው የተሻለ ይመስላል፤ አደጋው ያለው ግን ያን ጊዜ ነው። ጡሩምባውን የሰሙ የደም ሥሮች ላልተዋል፣ ግፊቱ ወድቋል። ተጋድሞ ሳለ ለአንጎል የሚበቃ ደም ይደርሳል፤ ሲቆም አይደርስም። ተሐዋሲው ከሞተ በኋላ እንኳ የተባዛው ወረቀት ተነቦ እስኪያልቅ ሰዓታት ያልፋሉ። ያ ድንጋይ ተሸካሚ በጎኑ እንደተኛ ቢቆይ ኖሮ በማግሥቱ እናቴ ያመጣችለትን ይበላ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከአልጋው ያስነሡት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ ደግፈው የያዙትም በፍቅር ነው።

ባለፈው ክረምት በተለማመድኩበት ዋርድ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣ፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ቤተ ዘመዱን ሰብስቤ መናገር ልማድ አደረግሁ። ስለ ጂን አልነግራቸውም። «አንድ ሰዓት ቆይቶ በኀይል ይንቀጠቀጣል፤ ይህ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳይ ነው። ከዚያ ያልበዋል፤ ያን ጊዜ ዳነ ብላችሁ እንዳታስነሡት። ለሽንት እንኳ እንዳይቆም» እላቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ፣ ልጃቸውን ይዘው የመጡ፣ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ «እስከ መቼ ነው የማናስነሣው ልጄ?» አሉኝ።

«እስከ ነገ በዚህ ሰዓት፣ አባባ» አልኳቸው። በትራቸውን አልጋው ላይ አጋድመው እግሩ ሥር ተቀመጡ።